ባንክ የቆረጠባችሁን መጠየቅ ልመና አይደለም

 

ዛሬ የምጽፈው ስለ ዘርም ስለ ማዳበሪያም አይደለም። ስለ ብራችሁ ነው። «የግብርና ባለሙያ ስለ ባንክ ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ያገባኛል እንጂ! ጤፉን በመስመር ዝሩ፣ ሽምብራውን ከውሃ ጠብቁ፣ ነጭ ሽንኩርቱን በጊዜ አርሙ እያልኩ መክሬ፣ እናንተም ለፍታችሁ፣ የተገኘው ብር በስልክ መልእክት እየተቆረጠ ካለቀ ምክሬ ግማሽ ብቻ ነው የሠራው።

ከአዘዞ እስከ ጸዳ፣ ከደንቢያ እስከ ወገራ ዛሬ አርሶ አደሩ የባንክ ደንበኛ ሆኗል። የማዳበሪያ ብድር በተቋም ነው። የእህል ሽያጭ በሂሳብ ቁጥር ነው። ከተማ ያለው ልጅ ብር የሚልከው በቴሌብር ነው። ጥሩ ነው፤ ብር በሳጥን ከማስቀመጥ ይሻላል። ግን ደንበኛ ሆነን የደንበኛን መብት አልለመድንም። ብር ሲቆረጥብን ወይ «ምን ይደረግ፣ የመንግሥት ነገር ነው» ብለን ዝም እንላለን፣ ወይ ደግሞ መስኮቱ ላይ ካለችው ልጅ ጋር ተጣልተን እንመለሳለን። ሁለቱም ብር አያስመልሱም።

የእኔ አቋም ይኸው ነው፦ ያለ አግባብ የተቆረጠ ብር ይመለሳል፣ መጠየቅም መብት ነው። በአግባቡ የተቆረጠ ቅጣትም ቢሆን፣ በረዶ ወይም ጎርፍ ወይም ሕመም ያደቀቀው ሰው ይቅርታና የጊዜ ማራዘሚያ ሊጠይቅበት ይችላል፣ መጠየቅም አለበት። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም፣ አጠያየቃቸውም ይለያል። ይህን ያልለየ ሰው በትክክለኛው ጉዳይ በተሳሳተው በር ይገባል።

ብሩ እንዴት ነው የሚሄደው?

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። የባንክ ክፍያም እንዲሁ ነው። አንድ ጊዜ ብዙ ቢቆረጥ ሁላችንም እንጮሃለን። በትንሽ በትንሹ ሲሆን ግን አናየውም።

ብር ስታስተላልፉ የአገልግሎት ክፍያ አለ። በዚያ ክፍያ ላይ 15 በመቶ ቫት ይታሰባል። ልብ በሉ፣ ቫቱ የሚታሰበው በአገልግሎት ክፍያው ላይ እንጂ በምትልኩት ብር ላይ አይደለም። ለምሳሌ የአገልግሎት ክፍያው 10 ብር ቢሆን ቫቱ 1 ብር ከ50 ሳንቲም ነው፣ በድምሩ 11 ብር ከ50። ከዚህ በላይ ከተቆረጠ «ለምን?» ማለት ያስፈልጋል።

ሌላም አለ። የኤቲኤም ካርድ ክፍያ፣ የመልእክት ክፍያ፣ የብድር ማስፈጸሚያ፣ የብድር ወለድ፣ ብድር ሲዘገይ የሚጨመር መቀጫ። በቴሌብር ደግሞ «እንደኪሴ» እና «መላ» የሚባሉትን ከዳሸን ባንክ ጋር የመጡትን አገልግሎቶች የምትጠቀሙ አላችሁ። ብር ሲጎድል ስልኩን ነካ ነካ አድርጎ መበደር ይቀላል። መክፈያው ሲዘገይ ግን ክፍያው ይጨምራል። ሽንኩርቱ ሳይሸጥ በስልክ የተበደራችሁት ትንሽ ብር፣ ሽንኩርቱ ሲሸጥ ገቢው ሂሳቡ ውስጥ እንደገባ ቀድሞ ይወሰዳል። «ብሬ ጠፋ» ብሎ የሚመጣ ሰው መልእክቶቹን ወደ ኋላ ሲያይ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ይህንን ነው።

ችግሩ መልእክቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። ለአርሶ አደር በእንግሊዝኛ «ይህን ያህል ቆረጥንብህ» ብሎ መላክ ላልሰማ ሰው እንደ መናገር ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ልመዱ፦ መልእክቱን አታጥፉ። ቢሞላባችሁ እንኳ የባንክና የቴሌብር መልእክት አይጥፋ። ትምህርት ቤት ያለ ልጃችሁን በሳምንት አንድ ቀን ቁጭ አድርጉና «ይሄ ምንድን ነው? ይሄስ?» እያላችሁ አስነብቡ። ልጁም ይማራል፣ እናንተም ታውቃላችሁ።

ሦስቱን ለዩ

የተቆረጠባችሁን ብር ሁሉ ከሦስት ቦታ በአንዱ መድቡት።

አንደኛው፣ የተስማማችሁበትና ትክክል የሆነ። ብር ልካችሁ የተከፈለ የአገልግሎት ክፍያ፣ በውላችሁ ላይ የተጻፈው ወለድ። ይህ አይመለስም። በዚህ መጨቃጨቅ ቀን ማባከን ነው። ቢበዛ «እንዴት ልቀንሰው?» ብላችሁ ታስባላችሁ፤ ለምሳሌ አምስት ጊዜ ከፋፍሎ ከመላክ አንድ ጊዜ መላክ።

ሁለተኛው፣ ስህተት የሆነ። ብሩ ከእናንተ ሂሳብ ተቆርጦ ለተቀባዩ ያልደረሰ። ኤቲኤም ብር ሳይሰጥ ሂሳብ የቀነሰ። አንድ ክፍያ ሁለቴ የተቆረጠ። ያላወጣችሁት ካርድ ክፍያ። የከፈላችሁት የብድር ክፍል ሳይመዘገብላችሁ በሙሉው ዕዳ ላይ የታሰበ ወለድ። ዋስ ያልሆናችሁበት ሰው ዕዳ ከእናንተ ሂሳብ የተወሰደ። ይህ ሁሉ ይመለሳል። እዚህ ላይ ችግረኛ መሆናችሁን ማስረዳት አያስፈልግም። ሀብታምም ድሃም እኩል የሚጠይቀው ነው።

ሦስተኛው፣ በውሉ መሠረት ትክክል የሆነ፣ እናንተ ግን ከአቅማችሁ በላይ በሆነ ነገር ያጣችሁበት። ለምሳሌ የመክፈያው ቀን አልፎ የተጨመረ መቀጫ፣ ያዘገያችሁ ግን አዝመራውን በረዶ መምታቱ የሆነ። ይህ በመብት የሚመለስ ሳይሆን በጥያቄና በማስረጃ የሚቀነስ ወይም የሚሰረዝ ነው። ለዚህ ቋንቋችሁ «ሰረቃችሁኝ» ሳይሆን «ይኸው ጉዳቴ፣ ይኸው የመክፈያ ዕቅዴ» ነው።

ስለ ሁለተኛው አንድ ሂሳብ ላሳያችሁ። ቁጥሩ ምሳሌ ነው፤ የእናንተን ከውላችሁ ላይ አንብቡ። 24,000 ብር ተበደራችሁ እንበል፣ ወለዱ በዓመት 18 በመቶ፣ ውሉም «ወለድ በቀሪው ዕዳ ላይ ይታሰባል» ይላል። የአንድ ወር ወለድ 360 ብር ነው። ግማሹን፣ 12,000 ብሩን፣ ከፈላችሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የወር ወለዱ 180 ብር መሆን አለበት። ክፍያችሁ በወቅቱ ሳይመዘገብ ለአራት ወር 360 ሲታሰብ ቢቆይ 720 ብር ያለ አግባብ ተወስዷል ማለት ነው። 720 ብር የልጅ ደብተር ነው፣ የጸረ አረም ነው፣ የላም መድኃኒት ነው። ደረሰኙን ያላስቀመጠ ሰው ግን ይህን ማሳየት አይችልም።

ሕጉ ከማን ጋር ነው?

«ባንክን ማን ይጠይቃል?» የሚለው አነጋገር ከልባችን መውጣት አለበት። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ፣ የባንኮች ሁሉ ተቆጣጣሪ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የፋይናንስ ሸማቾች ጥበቃ መመሪያ አውጥቷል። መመሪያው ባንኮችና የብድርና ቁጠባ ተቋማት ክፍያቸውን ለደንበኛ አስቀድመው እንዲያሳውቁ፣ ቅሬታ የሚቀበሉበትና መልስ የሚሰጡበት ሥርዓት እንዲኖራቸው ያዛል። ቅሬታችሁን ለባንኩ አቅርባችሁ መልሱ ካላረካችሁ ወደ ብሔራዊ ባንክ መሄድ ትችላላችሁ። ይህ ለአርሶ አደር አይሠራም የሚል ነገር የለም። ሸማች ማለት እናንተ ናችሁ።

ከዚያ በፊትም የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አለ። ሕጉ ከወጣ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። በአንቀጽ 2162 ያለ በቂ ምክንያት በሌላ ሰው ንብረት የበለጸገ እንዲክስ ይላል። በአንቀጽ 2164 ደግሞ መክፈል የማይገባውን የከፈለ ሰው ይመለስልኝ ብሎ መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። በአገራችን አነጋገር፣ ያልበላሁትን ዕዳ አልከፍልም፣ ከፍዬም ከሆነ መልሱልኝ ነው።

ባንኮቹ ራሳቸው ይህን መብት እንዴት እንደሚጠቀሙበት አይተናል። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ወር መጀመሪያ፣ ከዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ተበላሽቶ ሰዎች ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ብር ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ። ባንኩ የተንቀሳቀሰው ብር ከ800 ሚሊዮን በላይ እንደሆነ ተናግሯል። ከዚያ ምን አደረገ? «ያልተገባችሁን ወስዳችኋልና መልሱ» አለ። ቀነ ገደብ ሰጠ፣ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ በአደባባይ ለጠፈ። አብዛኛውም ተመለሰ። ባንኩ ገንዘቡን መጠየቁ ትክክል ነው፤ የሰው ገንዘብ የሰው ነው። እኔ የምለው፣ ሕጉ በሁለቱም በኩል ይቆርጣል ነው። ባንኩ በስህተት የወጣበትን አላፈረም፣ ጠየቀ። እናንተ በስህተት የተወሰደባችሁን 300 ብር ለመጠየቅ ለምን ታፍራላችሁ? ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል።

ችግር ሲመጣስ?

አሁን ወደ ሦስተኛው ልምጣ፤ ለእኛ አካባቢ ዋናው ይህ ነውና።

የእርሻ ብድር ከሱቅ ብድር ይለያል። ባለሱቅ በየቀኑ ይሸጣል። አርሶ አደር በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው ገቢ የሚያየው። ያ አንድ ጊዜ በረዶ ከመታው፣ መገጭ ሞልቶ ማሳውን ከጠራረገው፣ ዋግ ስንዴውን ከፈጀው፣ ዓመቱ ሙሉ ሄደ ማለት ነው። ብድሩ ግን የአየር ጠባይ አያውቅም፣ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ደግሞ መንገድ ሲዘጋ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ብር በእጁ ይዞ ለመክፈል ወደ ከተማ መግባት ያልቻለ ሰው ነበር። እንዲህ ያለው ሰው የዘገየው ከስንፍና አይደለም። በእሱ ላይ መቀጫ መደራረብ በወደቀ ላይ ድንጋይ መጫን ነው።

ባንክ እንዲህ ላለው ሰው የሚያደርገው ነገር አለ። መክፈያ ጊዜ ያራዝማል። የአንድ ጊዜውን ክፍያ በሁለት ወይም በሦስት አዝመራ ይከፋፍላል። መቀጫውን ይቀንሳል ወይም ይሰርዛል። ዋናውን ዕዳ ሳይነካ ማለት ነው። ይህን የሚያደርገው ግን ለጠየቀና ላሳመነ ነው። ማንም ከመስኮት ጀርባ ተነስቶ ቤታችሁ ድረስ መጥቶ «አያ፣ በረዶ መታህ አሉ፣ መቀጫውን ትተንልሃል» አይልም።

ማን እንደሚጠይቅ እዩ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የአበባ እርሻዎችና ሆቴሎች ገበያቸው ተዘጋ። ባለቤቶቹ ዝም አላሉም፣ በማኅበራቸው ሆነው ጮኹ። አንዳንድ ባንኮችም ወለድ ቀነሱላቸው፣ መክፈያ ጊዜ አራዘሙላቸው። አበባ እርሻ እርሻ ነው፤ የእናንተም ገብስ እርሻ ነው። ልዩነቱ እነሱ በደብዳቤ ጠየቁ፣ እኛ በየቤታችን አዘንን።

በውጭ አገርም ይኸው ነው። በእንግሊዝ አገር ሂሳባቸው ውስጥ ብር ሳይኖር ክፍያ ያለፈባቸው ሰዎች ከባድ መቀጫ ይቆረጥባቸው ነበር። ብዙ ሺህ ሰው «መልሱልን» ብሎ ጠይቆ ባንኮቹ ለብዙዎች መለሱ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2009 ግን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለባንኮቹ ወሰነና የጅምላው በር ተዘጋ። አንድ በር ግን ክፍት ቀረ፦ የችግረኛው በር። ኑሮው የተናጋበት ደንበኛ ችግሩን አስረድቶ ከጠየቀ ባንኩ በርኅራኄ ሊያየው ይገባል የሚለው ደንብ ቀጠለ። በህንድ ደግሞ ትልቁ የአገሪቱ ባንክ፣ ስቴት ባንክ፣ «ሂሳባችሁ ከዚህ መጠን በታች ወረደ» እያለ ይቆርጥ የነበረውን መቀጫ እ.ኤ.አ. በ2020 ከቁጠባ ሂሳቦቹ ሁሉ ላይ አነሳ። በሂሳባቸው ብዙ ብር ለማይቀመጥ ለገጠር ሰዎች ትልቅ እፎይታ ነው። መቀጫ ከሰማይ የወረደ ሕግ አይደለም፤ ሰው ያወጣዋል፣ ሰው ያነሳዋል።

እንዴት ትጠይቃላችሁ?

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ዋናው ምክሬ ይህ ነው፦ በጽሑፍ ጠይቁ።

መጀመሪያ የሂሳብ መግለጫ አውጡ። «ስቴትመንት» ብላችሁ ብትጠይቁ ይገባቸዋል። ከመጨረሻው ክፍያችሁ ጀምሮ ያለውን። ብድር ካለባችሁ የብድር ሂሳቡንም ለብቻው። ውላችሁ እጃችሁ ላይ ከሌለ ቅጂውን ጠይቁ፤ የፈረማችሁበት ወረቀት የእናንተም ነው። አንዳንዶቻችሁ ብድራችሁ የተጀመረው በአብቁተ ጊዜ ነው። አብቁተ በ2014 ዓ.ም. ፀደይ ባንክ ሆኗል፤ ስሙ ቢቀየርም ውላችሁና የከፈላችሁበት ደረሰኝ ዋጋ አለው። የድሮውን ደብተር አትጣሉ።

ቀጥሎ የማይገባችሁን መስመር አስምሩበት። በእያንዳንዱ ላይ «ይህ ለምን ተቆረጠ?» ብላችሁ ጠይቁ። የንግድ ባንክ ደንበኞች 951፣ የቴሌብር ተጠቃሚዎች 127 ደውላችሁ መጀመር ትችላላችሁ። ብር ተቆርጦ ሳይደርስ ሲቀር በተለይ ወዲያው ደውሉ፣ መልእክቱ ላይ ያለውን የግብይት ቁጥር ተናገሩ። የደወላችሁበትን ቀንና ሰዓት ጻፉ።

በስልክ ካልተፈታ ማመልከቻ ጻፉ። ሁለት ቅጂ አዘጋጁ። አንዱን ቅርንጫፉ ውስጥ አስገቡ፣ በሁለተኛው ላይ «ገቢ» ተብሎ ቀንና ማህተም ይደረግላችሁ። ማህተም ያላረፈበት ማመልከቻ እንዳልተጻፈ ነው።

ለችግር ጥያቄ ደግሞ ማስረጃው ከማሳ ነው የሚመጣው። እዚህ ላይ ነው የኔ ሥራ ከባንክ ጋር የሚገናኘው። በረዶ ወይም ጎርፍ ወይም ተባይ ማሳችሁን ሲመታ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጥሩ። ሰብሉ ከተገለበጠና ከታረሰ በኋላ ማንም ጉዳቱን መመስከር አይችልም። በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ አንዱን ከቅርብ፣ አንዱን ከሩቅ ማሳው ከነድንበሩ እንዲታይ። ባለሙያው የተጎዳውን ስፋትና መጠን ይጽፋል፣ ቀበሌው ያረጋግጣል። ለታመመ ሰው የሐኪም ወረቀት፣ ከብት ለሞተበት የእንስሳት ሐኪም ወረቀት። ማስረጃ ለማግኘት ወር አትጠብቁ።

ማመልከቻው ረጅም አይሁን። እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«ለ … ባንክ … ቅርንጫፍ። ጉዳዩ፦ የመክፈያ ጊዜ እንዲራዘምልኝና መቀጫ እንዲነሳልኝ ስለመጠየቅ። እኔ አመልካች በብድር ቁጥር … ብር … ተበድሬ እስካሁን ብር … ከፍያለሁ። በዚህ ዓመት … ቀን በወረደ በረዶ … ጥማድ ገብሴ ሙሉ በሙሉ ወድሟል፤ ከቀበሌ ግብርና ጽሕፈት ቤት የተሰጠኝን ማረጋገጫ አያይዣለሁ። ቀሪውን ብር … በ… ወር ብር …፣ በ… ወር ብር … አድርጌ እከፍላለሁ። ከ… ቀን ጀምሮ የታሰበብኝ መቀጫ ብር … እንዲነሳልኝና የመክፈያ ጊዜዬ እንዲስተካከልልኝ እጠይቃለሁ። መልሱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ።»

የስህተት ጥያቄ ከሆነ ደግሞ ስለ ችግር አትጻፉ። «በዚህ ቀን ብር ይህን ያህል ያለ አግባብ ተቆርጦብኛል፣ ማስረጃው ይኸው፣ ይመለስልኝ» ብቻ። ስህተትን ከይቅርታ ጋር ስትቀላቅሉት መብታችሁን ወደ ልመና ትለውጡታላችሁ።

ለማመልከቻው መልስ ካልመጣ ወደ ዲስትሪክቱ ወይም ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ከዚያ ወደ ብሔራዊ ባንክ። ጉዳዩ ከከበደ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ለአቅመ ደካሞች ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከላት አሉት። ማመልከቻ ማጻፍ ከዚያ ቢጀመር ምን ገዶን?

«ለ300 ብር ይህ ሁሉ መንከራተት? ትራንስፖርቱ አይበልጥም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ለአንድ ሰው ለብቻው እውነት ነው። ስለዚህ ለብቻችሁ አትሂዱ። ለገበያ ስትወጡ አብራችሁ ያዙት። አንድ ዓይነት ጥያቄ ያላችሁ አምስት ስድስት ሰዎች ተሰብስባችሁ በአንድ ቀን አስገቡ። በረዶ አንድ ጎጥ ሲመታ አንድ ሰው ብቻ አይመታም፤ ማረጋገጫውም ማመልከቻውም የጎጡ ሊሆን ይችላል። በደቦ ማጨድ የለመደ ሕዝብ በደቦ መጠየቅ አያቅተውም።

የማልስማማበት

ይህን ስል «ብድር አትክፈሉ» እያልኩ እንዳይመስላችሁ። «ዘንድሮ ይሰረዛል አሉ» የሚል ወሬ በየዓመቱ አለ። በወሬ ክፍያ ያቆመ ሰው ራሱን ብቻ ሳይሆን አብረውት በቡድን የፈረሙትን ይጎዳል። የቡድን ብድር ላይ አንዱ ሲቀር ጎረቤቱ ነው የሚከፍለው። ከብድሩ መቀጫ የጎረቤት ቅሬታ ይብሳል፤ ባንክ ይረሳል፣ ጎረቤት አይረሳም። ስለዚህ የመክፈያው ቀን ከማለፉ በፊት ጠይቁ። ቀኑ ሳይደርስ «አቅቶኛል፣ እንዲህ እከፍላለሁ» ያለ ሰው ታማኝ ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ ጠፍቶ የተገኘ ሰው ግን ያው እውነት ቢኖረውም የሚሰማው ያጣል። እየጠየቃችሁም ቢሆን የምትችሉትን ትንሽ ክፈሉ፣ ደረሰኝ ያዙ።

መስኮት ላይ ካለችው ሠራተኛ ጋር አትጣሉ። ክፍያውን እሷ አልደነገገችውም። በእርጋታ «የምታመለክቱበትን አሳዪኝ» በሏት።

አጭበርባሪም አለ። «የተቆረጠባችሁን ብር እናስመልሳለን፣ የሚስጥር ቁጥራችሁን ንገሩን» ብሎ የሚደውል ሰው ሌባ ነው። ባንክ ፒን አይጠይቅም፣ በስልክ የደረሳችሁን ማረጋገጫ ቁጥርም አይጠይቅም። ብር ለማስመለስ ቀድማችሁ ብር ላኩ የሚላችሁም እንደዚያው። መልሱ ስልኩን መዝጋት ነው። የጠፋችሁን 300 ብር ስትፈልጉ የቀረውን 30,000 እንዳታጡ።

ለባንኮቹም አንድ ቃል

ይህን ጽሑፍ የሚያነብ የባንክ ሰው ካለ ሦስት ነገር እላለሁ። መልእክቱን በአማርኛ ላኩልን፤ ምን ስም ተሰጥቶት እንደተቆረጠ ይጻፍ። የእርሻ ብድር መክፈያ ቀን ስትቆርጡ የአዝመራውን ጊዜ ጠይቁ፤ እህል በወደቀ ዋጋ ሸጦ የሚከፍል ሰው በሚቀጥለው ዓመት ደካማ ተበዳሪ ነው። በበረዶ ወይም በጎርፍ ለተጎዳ ቀበሌ ደግሞ መቀጫው ሰው በሰው እስኪለምን ሳይጠበቅ በራሱ ይቁም። ይህ ምጽዋት አይደለም። ላሟን ሸጦ መቀጫ የከፈለ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ከማን ጋር ትሠራላችሁ?

ለኅብረት ሥራ ማኅበሮቻችንም እንዲሁ። ማዳበሪያ ማከፋፈል ብቻ አይደለም ሥራችሁ። አባላት ደረሰኝ የሚያስቀምጡበትን፣ የጉዳት ማረጋገጫ የሚሰባሰብበትን፣ በአንድ ማመልከቻ የሚጠየቅበትን መንገድ አዘጋጁ። ሽንኩርት አንድ ላይ የሚሸጥ ማኅበር ቅሬታም አንድ ላይ ማቅረብ አለበት።

እናንተ ደግሞ ዛሬ ማታ እራት ከተበላ በኋላ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ስልካችሁን አውጡ፣ ያለፉትን ሦስት ወራት የባንክና የቴሌብር መልእክቶች ከልጃችሁ ጋር እዩ። በወረቀት ላይ በሦስት ዓምድ ጻፉት፦ ትክክል የሆነው፣ ስህተት የሆነው፣ ችግር ያመጣው። ምናልባት ሁሉም በመጀመሪያው ዓምድ ይገባ ይሆናል፤ እሰየው፣ ልባችሁ ያርፋል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው የገባ ካለ ግን በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከጤፉ ጆንያ ጋር ማመልከቻችሁንም ይዛችሁ ውጡ።

ማሳ ላይ አረም ሲያድግ ዝም ብሎ የሚያይ ገበሬ የለም። በሂሳባችሁ ላይ የሚበቅለውም እንደዚያው ይታረም። መልካም የሥራ ጊዜ ይሁንላችሁ።